እናት ሜትርና የሁሩሙ ነጭ ማር

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መቱ ያለው መሥሪያ ቤቴ ለስላሳና ዳቦ ደግሶ ሸኘኝ። ንግግር ተደረገ፣ ጋቢ አለበሱኝ፣ ፎቶ ተነሣን። የእኔ ዓይን ግን ጠረጴዛው ጥግ ላይ በነጭ ጨርቅ ከተሸፈነው ዕቃ አልተነቀለም። ተሸፍኖ የሚቀመጥ ነገር አልወድም። ጨርቁ ሲገለጥ አዲስ ዲጂታል ማይክሮስኮፕ ሆኖ ተገኘ። አንድ የማር ናሙና ከሥሩ አስገብተው ቁልፉን ሲጫኑት፣ ማሽኑ ማሩ ውስጥ ያለውን የአበባ ብናኝ አንድ በአንድ ራሱ ከበበ፣ ራሱ ለካ፣ መጠኑንም ከጎኑ ጻፈ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እኔም አጨብጭቤ ስጨርስ "እሱንስ የለካው ማነው?" ብዬ ጠየቅሁ።

ሳቁብኝ። አዲሱ ኃላፊያችን ልጄ የሚሆን ጨዋ ሰው ነው፤ ዛሬ እንኳ ይረፉ እንጂ እትዬ ዘነበች አለኝ። እሺ ብዬ ተቀመጥኩ፤ ማረፉን ግን አላረፍኩም። የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በዓይን የማይታይ ነገር በመለካት ነው። ከዚያ ሁሉ ሥራ አንድ የሁሩሙ ማር እስከ ዛሬ ጉሮሮዬ ላይ ቆሞ ቀርቷል፤ ይህን የምጽፈውም በሱ ምክንያት ነው።

ተጠራጣሪነቱን ሥራው ነው ያስተማራት የሚሉኝ አሉ። አይደለም፣ ይዤው የተወለድኩት ነው። እናቴ ጎሬ ገበያ በርበሬ ስትገዛ እፍኝ አንሥታ በመዳፏ ሳታሽ፣ ሸክላ ፈጭተው እንዳልቀላቀሉበት ሳታረጋግጥ መቀነቷን አትፈታም ነበር። እኔም የእሷ ልጅ ነኝ። ባለቤቴ "ዘነበችን እንደምን አደርሽ ካሏት፣ ምን ፈልገው ነው ትላለች" እያለ ያሾፍብኛል። ሐሰት አይደለም፤ አንዳንዱ እንደምን አደርሽ የሚል ሰው እኮ በእርግጥም የሚፈልገው ነገር አለ።

ሥራ የጀመርኩት እዚያው ጎሬ፣ አንድ ክሊኒክ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው፤ ክልሉ ኦሮሚያ ተብሎ በተዋቀረባቸው የመጀመሪያ ዓመታት። ደሞዙ ከወር ወር አያደርስም ነበር፤ ስለ እሱ ከዚህ በላይ አላወራም። የላቦራቶሪው ኃላፊ ጋሼ ወንድይፍራው ይባላሉ። አያታቸው ከሸዋ መጥተው ጎሬ የቀሩ፣ እሳቸው ግን ኦሮምኛውን ከአማርኛው አስበልጠው የሚናገሩ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሳቅ የማያበዙ ሰው ነበሩ። የመጀመሪያ ቀን ስገባ ስሜን ከመጠየቃቸው በፊት እጅሽን ታጥበሻል ወይ አሉኝ። ታጥቤያለሁ አልኩ። እንደገና አስታጠቡኝ። ከቢጤዬ ጋር መገናኘቴን ያኔውኑ አወቅሁ።

ያን ጊዜ ካሜራ የለም። የማይክሮስኮፑ መመልከቻ ውስጥ እንደ ማስመሪያ የተሰመሩ ጥቃቅን መስመሮች ነበሩ፤ የሚለካው ነገር ስንት መስመር እንደሸፈነ ይቆጠራል። እኔ ቆጥሬ፣ ቁጥሩን ጽፌ፣ ጨረስኩ አልኩ። ጋሼ ወንድይፍራው ወረቀቱን አዩና ሌንሱን ወደ ትልቁ አዙረው እንደገና እንድቆጥር አዘዙኝ። ያው ዕቃ አራት እጥፍ አድጎ ቁጭ አለ። የትኛው ነው እውነቱ አሉኝ። ያኔ መሳቢያቸውን በቁልፍ ከፍተው ከከፋይ ጨርቅ ውስጥ አንዲት መስታወት አወጡ። መሐሏ ላይ እንደ ጭረት የምትታይ ነገር አለች፤ በማይክሮስኮፕ ሲያዩዋት ግን በመቶ እኩል ቦታ የተከፈለች አንድ ሚሊሜትር ናት። እናት ሜትር ይሏታል። የመመልከቻው መስመር በየሌንሱ ስንት እንደሚያወጣ የምትነግረን እሷ ናት፤ እሷ እስክትናገርለት ድረስ መስመር ዝም ብሎ መስመር ነው።

ጋሼ ወንድይፍራው ጠዋት ገብተው ኮታቸውን ሳይሰቅሉ እናት ሜትርን ከሌንሱ ሥር ያስገባሉ። ትናንት ልክ የነበረ ዛሬም ልክ ነው ብለው አያምኑም። አንዴ ለክተው ሲጨርሱ መስታወቷን ሩብ ዙር አዙረው ደግመው ይለካሉ፤ በአግድም እውነት የተናገረ በቁመት ሊዋሽ ይችላል ባይ ናቸው። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ የራሱን ፀጉር ነቅሎ እንዲለካ ያደርጉታል፤ ሰው በራሱ ፀጉር አይቀልድም ይላሉ። የኔን ፀጉር ከለካሁ በኋላ የሳቸውን ሰጡኝ፤ ሽበቱ ከጥቁሩ ይወፍራል ወይስ ይቀጥናል ብለው አከራከሩኝና መልሱን ሳይነግሩኝ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

በዚያው ሰሞን የመሥሪያ ቤቱ ጽሕፈት ኦሮምኛ ሆነ። ኦሮምኛ ከልጅነቴ ጀምሮ የተጫወትኩበትና የተጣላሁበት ቋንቋ ነው፤ በቁቤ፣ በላቲኑ ፊደል መጻፉ ግን እንግዳ ነገር ሆነብኝ። ናሙና ላይ ምልክት ስጽፍ ፊደል እያበዛሁ ጋሼ ወንድይፍራው ያርሙኝ ነበር። ጥቂት ዓመት በደሌ ሠራሁ። ቀጥሎ ማርና ሰም የሚመረመርበት አነስተኛ ላቦራቶሪ መቱ ላይ ሲከፈት ጋሼ ወንድይፍራው ተሾሙ፤ እኔንም ጠርተው አስመጡኝ። ከዚያ ወዲህ ብዙ አለቃ አይቻለሁ። አንዱ ማኅተም ያለበትን ሁሉ ያምናል፣ ሌላው ማኅተም የሌለበትን ሁሉ አያምንም፤ ልዩነታቸውን እስከ ጡረታዬ ድረስ አላገኘሁትም።

የማሩ ሥራ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ አበባ የራሱ ብናኝ አለው፤ የግራዋው እሾሃም ነው፣ የብሳናው ትልቅ ነው፣ የገተማው መጠነኛ ነው። ንብ የዋለችበትን አትደብቅም፤ ብናኙ ማሩ ውስጥ ይገባል። ማሩን በውኃ አቅጥነን፣ በማሽን አዙረን፣ የዘቀጠውን በመስታወት ላይ እናደርግና የብናኙን ቅርጽ እናያለን፣ መጠኑን እንለካለን። ማሩ የየት አገር፣ የምን አበባ እንደሆነ፣ ነጋዴው ያለውን መሆን አለመሆኑን የምናውቀው በዚህ ነው። የጎረቤታችን የሁሩሙ ወረዳ ሰው ግን ማር የሚያምነው በምላስ ነው። ገበያ መሐል የታወቀ ሰው በሰው ፊት ቀምሶ ራሱን ከነቀነቀ ነገሩ አለቀ፣ ማሩ ተመሰከረለት። እኔ ይህን እንደ ተረት ነበር የማየው። ምላስ ስኳር ይወዳል፤ እንዴት ይታመናል?

ጋሼ ወንድይፍራው መቱ ላይ ጭራሽ ባሰባቸው። ገበሬ ናሙና ይዞ ሲገባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ፤ የማን መሆኑን ካወቅሁ ዓይኔ ያደላል ብለው። ለኔም ሕግ አወጡልኝ፦ "የለካሽውን አትብዪ፤ የበላሽውን አትለኪ።" ለቤታቸው ማር የሚገዙት ባለቤታቸው ነበሩ፤ ከማን እንደገዙ መናገር ግን ክልክል ነበር። ሰው ይስቅባቸዋል። እኔ አልሳቅሁም፤ እንደ ጾም ያዝኩት። ስንት ገበሬ ለምስጋና ቆርጦ የሰጠኝን ማር መልሻለሁ።

ካሜራው የመጣው አንድ ፕሮጀክት ሲያልቅ ነው። ጋሼ ወንድይፍራው ሊያዩት አልፈለጉም፤ ዓይን ያየውን ዓይን ይለካዋል አሉ። ሳምንት አኩርፈው ቆዩና እናት ሜትርን ይዘው መጡ። መጀመሪያ የእሷን ፎቶ አነሡ። ኮምፒዩተሩ ላይ ከአንዱ መስመር እስከ ሌላው አሰመሩና ይህ ይህን ያህል ነው ብለው ነገሩት። ኮምፒዩተሩም ርዝመቱን በፎቶው ነጥቦች ቁጥር አካፍሎ፣ አንዷ ነጥብ ስንት እንደምታወጣ ያዘ። "አየሽ፣ ይሄ ሚሊሜትር አያውቅም፤ የሚያውቀው ነጥብ መቁጠር ብቻ ነው" አሉኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለየማሩ ፎቶ ስናነሣ የመጀመሪያው የእናት ሜትር ሆነ። ለምን እንደሆነ የሚጠይቅ አልነበረም። እሳቸው ጡረታ ሲወጡ መሳቢያውንና ቁልፉን ለኔ አስረከቡኝ፤ ብዙም ሳይቆዩ ዐረፉ። አልቅሼላቸዋለሁ፤ እንደ አባቴ ነበር ያለቀስኩላቸው።

አሁን ወደ ማሩ ልግባ። ሁሩሙ አካባቢ አንድ የንብ አናቢዎች ማኅበር ነበር፤ ሊቀመንበሩ ኦቦ ፈይሳ ይባላሉ። ጫካ ውስጥ ዛፍ ላይ ቀፎ ሰቅለው ያደጉ፣ አነጋገራቸው ዝግ ያለ፣ አባላቱ ሲጣሉ የሚያስታርቁ ሰው ናቸው። አንድ የአዲስ አበባ ነጋዴ የገተማ ነጭ ማር ብቻ እፈልጋለሁ፣ ካገኘሁ በየዓመቱ እገዛለሁ ብሎ መጣ። ገተማ ትልቅ የጫካ ዛፍ ነው፤ አብቦ ሲሰጥ ማሩ እንደ ቅቤ ነጭ ይሆናል። አባላቱ ቀፏቸውን በሙሉ ለዚህ ሰው አሰቡ፤ ልጅ ማስተማሪያውም፣ የጣራ ቆርቆሮውም በዚህ ማር ላይ ተንጠለጠለ። ነጋዴው ግን ማሩ እኛ ዘንድ ከተለካ በኋላ አዲስ አበባ ባለ ሌላ ላቦራቶሪ እንዲረጋገጥ ጠየቀ። አልተቀየምኩትም፤ እኔም ብሆን እንደሱ ነበር የማደርገው።

ለካሁት። ገተማ ነበር፣ ምንም ጥርጥር የሌለው። እኔ ጥርጥር የለውም ስል ቀላል ነገር አይደለም።

ናሙናው ራሱ እንዳይላክ መኪናችን ተበላሽቶ ቆሟል፤ ነጋዴው ደግሞ ይቸኩላል። ስለዚህ ፎቶዎቹ ይላኩ ተባለ። የቢሮው ኢንተርኔት እንደልማዱ የለም። የዚያን ጊዜው ኃላፊያችን እንደ አገሩ ሰው ሁሉ ማንኛውንም ነገር በስልኩ የመልእክት መላኪያ የሚልክ ሰው ነው፤ የለቅሶ መርዶም፣ የስብሰባ ጥሪም፣ ደብዳቤም በዚያው ነው። ፎቶዎቹን ከኮምፒዩተሩ ወደ ስልኩ አስገባሁለት፣ አንዷ ነጥብ ስንት እንደምታወጣም ከሥሩ ጻፍኩለት፤ ላከ። አዲስ አበባ ያለው ባለሙያ፣ ስለ ብናኝ የተማረ ዶክተር፣ በላክንለት ቁጥር ለካና መልሱን ጻፈ። ብናኙ ለገተማ እጅግ ያንሳል፤ ማሩ ከሌላ የተቀላቀለ ነው ወይም ናሙናው ተቀይሯል የሚል ነው።

ኃላፊያችን ወረቀቱን በእጁ ይዞ ጠራኝ። በር ዝጊ አለኝ፤ ከዚያ በፊት በር ዝጊ ብሎኝ አያውቅም።

"እትዬ ዘነበች፣ ባለቤትዎ የሁሩሙ ሰው አይደሉ?"

"ነው። ማሩ ግን የባለቤቴ አይደለም።"

"እኔ ምንም አላልኩም" አለ። በማግስቱ የላቦራቶሪው ቁልፍ ተቀይሮ ጠበቀኝ። እናት ሜትርንም ወስዶ የራሱ ካዝና ውስጥ ቆለፈባት። ሰውን ስጠረጥር የኖርኩ ሴት ተጠርጣሪ ስሆን ምን እንደሚመስል ያኔ አየሁ። ሻይ ቤት ስገባ ወሬ ይቋረጣል። ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የሚቀመጥ ሰው ቦርሳዬን የሚያየው ይመስለኛል። ሁሩሙ ደግሞ ከኔ የባሰ ነበር። ነጋዴው ውሉን ሰረዘ፤ አባላቱም እርስ በርስ ዓይናቸው ቀላ፣ መጨረሻ ላይ ጣታቸው ሁሉ ወደ ኦቦ ፈይሳ ዞረ። ማሩን አንድ ላይ የሰበሰቡት እሳቸው ናቸው፣ የመጋዘኑ ቁልፍም እሳቸው ዘንድ ነው። ስኳር ቀላቅሎብን ነው ተባለ።

እኔም አልተቀመጥኩም። መጀመሪያ ነጋዴውን ጠረጠርኩ፤ ዋጋ ለማውረድ ያደረገው መሰለኝ። ቀጥዬ ዶክተሩን የነጋዴው ዘመድ ነው አልኩ። ኃላፊያችንን ጠረጠርኩ። በመጨረሻም ሁሩሙ ወርጄ ኦቦ ፈይሳ ቤት ገባሁ። አካም ጅርቱ ተባብለን ሳንጨርስ የመጣሁበት ገባቸው። ተነሥተው የጓዳውንም የመጋዘኑንም በር ከፈቱልኝ፤ "ይፈልጉ፣ አዴ ዘነበች። ያላዩት ነገር እንዳይቀር" አሉኝ። ጣሳውን ከፈትኩ፣ የጆንያውን አፍ ፈታሁ። የበቆሎ ዱቄትና ሰም እንጂ ሌላ አላገኘሁም። ስወጣ በሩ ላይ ቆመው "ንጹሕ ነኝ ብዬ አልምልም። መሐላ የሚያስፈልገው ለሚዋሽ ነው" አሉ። ከዚያ በኋላ እሳቸውን መጠርጠር አልቻልኩም። የቀረኝ የሚጠረጠር ሰው አልነበረም።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ስልኬ ጮኸ። ዶክተሩ ነበር። ድምፁን እንደሰማሁ ሊያጠምደኝ ነው ብዬ መልስ አሳጠርኩ። እሱ ግን ነገሩ እንቅልፍ ነስቶት እንደነበር ነገረኝ። ፎቶዎቹን ደግሞ ሲያያቸው የገተማው ብናኝ ብቻ ሳይሆን የሁሉም አበባ ብናኝ አንሷል፤ ማር ቢቀላቀል አዲስ ብናኝ ይጨመርበታል እንጂ የነበረው ሁሉ እኩል አይሟሽሽም። ይህን ካለ በኋላ "ይቺ የመጀመሪያዋ ፎቶ፣ ማስመሪያ የምትመስለው፣ ምንድን ናት?" ብሎ ጠየቀኝ።

እናት ሜትር ናት አልኩት። አሁን ለካኋት አለ፤ ግማሽ ሆና ነው የምትወጣው፣ መለኪያችሁ የተሰበረ ነው እንዴ? ፎቶው በስፋቱ ስንት ነጥብ እንዳለው እንዲያነብልኝ ጠየቅሁት። አነበበልኝ። የኛ ካሜራ ከሚያነሣው በትክክል ግማሽ ነበር። ያ የስልክ መልእክት መላኪያ ፎቶውን እንዲቀልለት ብሎ አሳንሶታል፤ የነጥብ ቁጥሩ በግማሽ ሲቀንስ አንዷ ነጥብ ስንት እንደምታወጣ የጻፍኩት ቁጥር ግን እዚያው ቀርቷል። ኮምፒዩተሩ የሚያውቀው ነጥብ መቁጠር ብቻ ነው። ዶክተሩ ይቅርታ ጠየቀኝ፣ እኔም ስለጠረጠርኩት ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ማሩን የሚያጠራ ደብዳቤ በዚያው ሳምንት ላከ። ጋሼ ወንድይፍራው በሕይወት ቢኖሩ ብዬ አለቀስኩ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ምንኛ ጥሩ ነበር። ደብዳቤው ሁሩሙ ሲደርስ ኦቦ ፈይሳ ከሊቀመንበርነት ወርደዋል፤ ማሩም ለጠጅ ቤት በርካሽ መሸጥ ጀምሯል። አባላቱም የመጀመሪያው ወረቀት እውነተኛው ነው፣ ሁለተኛው የተገዛ ነው አሉ። እንዲህ ያለ ወሬ ሳይመለስ መቅረት የለበትም ብዬ ተነሣሁ። ቁልፉን መልሶልኝ አንገቱን ሰብሮ የነበረው ኃላፊያችን ማይክሮስኮፑን፣ ካሜራውን፣ ኮምፒዩተሩንና ጄኔሬተሩን ፈቀደልኝ። በገበያ ቀን የማኅበሩ መጋዘን ውስጥ ዘረጋሁት። ቤቱ ሞላ፤ ያልገባው በመስኮት አጮለቀ።

እንደ ጋሼ ወንድይፍራው ላስተምራቸው አሰብኩ። ከመካከላቸው አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ፀጉር እንዲሰጡኝ ለመንኩ፤ ከጢማቸው ነቅለው ሰጡኝ። ፎቶ አንሥቼ በሁሉም ፊት ለካሁት። ከዚያ ያንኑ ፎቶ በስልክ ልኬ፣ መልሼ ተቀብዬ፣ በዚያው ቁጥር ለካሁት፤ ግማሽ ሆነ። አያችሁ፣ ማሩም የደረሰበት ይኸው ነው አልኩ። ገብቷቸዋል ብዬ ስጠብቅ ሽማግሌው ጢማቸውን እየዳበሱ "የኔን ጢም ባንዴ ለሁለት የገመሰች ማሽን የፈይሳን ማር ምን አታደርገው?" አሉ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔ እየደጋገምኩ ለማስረዳት ሞከርኩ፤ ባስረዳሁ ቁጥር ማሽኑን የፈለጉትን ማናገር ይቻላል ማለት ነዋ የሚለው ድምፅ በዛ።

ያኔ ኦቦ ፈይሳ ከጥግ ተነሡ። የቀረውን ነጭ ማር ከጣሳ ቆርጠው በኮባ ቅጠል ላይ አደረጉና መሐል ገብተው ለኔ ዘረጉልኝ። ሳቁም ጸጥ አለ። ማሩ ጥርት ያለ ነበር፤ ምራቄ መጣ፣ አልዋሽም። እጄን ግን ወደ ኋላ አድርጌ "ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ የለካሁትን አልበላም። የሥራዬ ሕግ ነው" አልኳቸው። ቅጠሉን እንደያዙ ጥቂት ቆሙ፤ ኋላም ጣሳው ክዳን ላይ አስቀምጠው ወጡ። ሰዉም ወደ ገበያው ተበተነ፤ እኔ ጄኔሬተሩን አጥፍቼ ዕቃዬን ሰበሰብኩ።

ማኅበሩ በዓመቱ ፈረሰ። ነጋዴው ፊቱን ወደ ሌላ አገር አዞረ። ኦቦ ፈይሳ ሁሩሙን ለቀው በሶር ወንዝ በኩል ጫካ ዳር ከእኅታቸው ልጅ ጋር ተጠጉ። እኔ ከዚያ በኋላ የሠራሁት ሥራ ብዙ ነው፤ የተቀላቀለ ማር ይዣለሁ፣ ንጹሑን ንጹሕ ብያለሁ፣ አንድም ፎቶ በስልክ እንዲላክ አልፈቀድኩም። ያን ዕለት ግን ባስታወስኩ ቁጥር በዚያ ጢም ስናደድ ኖርኩ። በሌላ ነገር ባሳያቸው ኖሮ፣ በክር፣ ወይም በሳንቲም፣ እያልኩ ስብሰለሰል ኖርኩ።

እንግዲህ ጡረታ ስወጣ ያን አዲስ ማሽን አየሁ። ከሽኝቱ በኋላ ኃላፊውን አንድ ነገር ለመንኩት። መጀመሪያ እናት ሜትርን አስገባን፤ ልክ ሆና ወጣች። አዙሬ አስገባኋት፣ አሁንም ልክ ናት። ማሽኑን ጠርጥሬው ነበር፣ አልዋሸም። ከዚያ የዚያን ዘመኑን ማር ብናኝ የያዘችውን፣ ዙሪያዋ በሰም ታሽጎ ያስቀመጥኳትን መስታወት ሰጠሁት። ማሽኑ ብናኙን ሁሉ ከበበ፣ ለካ፣ ገተማ ብሎ ጻፈ። አትምልኝ አልኩት። እናት ሜትርን አስረክቤ፣ ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወደ ሶር ሄድኩ።

ኦቦ ፈይሳ አርጅተዋል፤ ዓይናቸው ግን ያው ነው። ዛፍ መውጣት ስላቃታቸው ጥቂት ቀፎ ከቤታቸው ጀርባ በዝቅተኛ ቅርንጫፍ ላይ ሰቅለዋል። ስደርስ ማር ሊቆርጡ ደረቅ እበትና ቅጠል ጠቅልለው ጭስ እያዘጋጁ ነበር። ወረቀቱን ሰጥቼ እየተንተባተብኩ ነገሩን አስረዳኋቸው። እስክጨርስ ሰሙኝ፤ ወረቀቱን ገለበጡት፣ ሳቁ። "አሁንም ወረቀት፣ አዴ ዘነበች?" ብለው ጠምዘዝ አድርገው እሳት ለኮሱበትና ጭሱን አቀጣጠሉበት። አልተቀየምኩም። ቀፎውን አጭሰው አንድ ሰፈፍ ቆረጡ፣ በኮባ ቅጠል ላይ አደረጉና ዘረጉልኝ። አሁን የምለካው ነገር የለኝም፤ ሕጉም ከመሳቢያው ጋር ቀርቷል። በሁለት እጄ ተቀብዬ በላሁ። ስንት ዓመት የሸሸሁት ጣዕም ነው። እንባዬ መጣ።

"ምንድን ነው?" አሉኝ።

"ገተማ ነው።"

"በምን አወቁ?"

"በአፌ ነዋ" አልኩ፣ ከንፈሬን እየላስኩ።

አጠገቤ ያለው ጉቶ ላይ ተቀመጡ። "ያን ዕለት ሰው የሄደው በጢሙ መስሎዎት ኖረዋል" አሉ። "የጢሙ ቀልድ ነበር፤ ስቀን እንረሳው ነበር። እጅዎን ወደ ኋላ ሲያደርጉ ነው የሄዱት። የለካችው ራሷ ካልቀመሰችው ማን ያምናል ብለው።"

የሥራዬ ሕግ ነው ብዬ ነበር እኮ አልኳቸው።

"ብለዋል። የሁሩሙ ሰው ያን ሕግ በምን ያውቀዋል? እኔስ መቼ አወቅሁ? እኔም ያመኑኝ አልመሰለኝም።" ቀና ብለው ዛፉን፣ ወደ ሶር የሚወርደውን ጥሻ፣ መንገዱን አዩ። "አሁን ቀመሱት። ማን አየ?"

እኔም ዙሪያዬን ቃኘሁ። መንገዱ ላይ ሰው የለም። ቀፎው አፍ ላይ ንቦቹ ተመልሰው ይርመሰመሳሉ። ቅጠሉ ላይ የቀረውን ማር እያየሁ ተቀመጥኩ፤ ኦቦ ፈይሳም ይብሉ እንጂ አሉኝ።